የቆሰለ አውሬ ይጎበኛል?

ደባርቅ ላይ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ቢቋቋም አስጎብኚውም የእንስሳት ሐኪሟም ደስ ይላቸዋል። የማይስማሙት በሩ ላይ ነው፤ ጎብኚ ይግባ ወይስ አይግባ?

አስጎብኚው፦ ይግባ

የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሲባል እኛ ምን አገኘን ብሎ ዛሬም የሚጠይቅ ገበሬ አለ። የግጭ መንደር ሰዎች ለፓርኩ ሲባል ቀያቸውን ለቀው ወርደዋል። ለእነሱ ቀይ ቀበሮ ማለት ግልገል የሚነጥቅ አውሬ ነው። ዋና ቀለቡ አይጥ መሆኑን በስብሰባ ብትነግራቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ። ሐኪም ሲያክመው ቢያዩ ግን ሌላ ነው።

ሆለታ አጠገብ ያለውን የቦርን ፍሪ የዱር እንስሳት ማገገሚያ፣ እንሰሳ ኮቴን ተመልከቱ። ዶሎ የሚባለው አንበሳ ከጠረፍ ከተማዋ ዶሎ ወደዚያ የመጣው ለዓመታት በአጭሩ ታስሮ ኖሮ፣ ጋማው ተልጦ ነው። እንዲህ ያለ አንበሳ ጫካ ገብቶ አድኖ መብላት አይችልም። እንግዲህ ሰው በአስጎብኚ ተመርቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢያየው ምን ይጎዳዋል? የመግቢያው ብር ሥጋና መድኃኒት ይገዛል። ለደባርቅ ልጆችም ሥራ ነው፤ ቱሪስት ሲጠፋ እዚህ ከተማ ምን እንደሚሆን መቼም ለጎንደር ሰው አይነገርም።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ አይግባ

ወንድሜ፣ ዶሎን ጠርተህ ተረፈን ለምን ዘለልከው? ያንተው አገር ቀበሮ አይደል! በ2012 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። 51 ቀን ታክሞ፣ አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ታስሮለት ተለቀቀ፤ ኋላም ቡችሎች አፈራ። ቀይ ቀበሮ ታክሞ ወደ ዱር ሲመለስ የመጀመሪያው እሱ ነው። ጊዜውን ደግሞ ልብ በል፤ ኮሮና ቱሪስቱን አስቀርቶ ነበር። የሚመግቡት ጥቂት ሰዎች እንጂ ካሜራ የደገነበት እንግዳ አልነበረም።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 እንኳ አይሞላም። ሰው ከለመደ ከመንደር አይርቅም፤ መንደር ውስጥ ውሻ አለ፣ ካልተከተበ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። ባሌ ላይ ይህ በሽታ መንጋ መንጋውን እንደፈጀ እናውቃለን።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ብሩ ነው። ማገገሚያ ተሳካለት የሚባለው ክፍሉ ባዶ ሲሆን ነው። በመግቢያ ብር የሚኖር ከሆነ ባዶ ክፍል ኪሳራ ይሆንበታል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ “ቀበሮው አንድ ወር ይቆይ፣ አሁን የጎብኚ ወቅት ነው” ይላል። ሌላው ደግሞ የጭላዳ ግልገል ከእናቱ ነጥቆ “ወድቆ አገኘሁት” ብሎ በር ላይ ይቆማል። ክፉ ሰው መሆን አይጠበቅበትም፤ ችግር ይበቃዋል። ደግሞስ ሳንቃበር ላይ ጭላዳው በነፃነት ሣር ሲነጭ፣ ጨነቅ ላይ ዋልያው ገደል ለገደል ሲሄድ የሚታይበት አገር ይዘን እንግዳን ወደ ሽቦ አጥር መውሰድ ምን ይሉታል?

አስጎብኚው ሲመልስ

ዶክተር፣ የብሩ ነገር እውነት አለው፤ አልሸሸውም። ታክሞ የሚለቀቀው ከተማው በማይደርስበት ቦታ ይሁን፣ እኔም አልደርስም። የማይለቀቀው ግን ይታይ፤ ሐኪሙም ደመወዙን ከመግቢያ ሳይሆን ከመንግሥት ይውሰድ። ሳንቃበርን ያነሱት ግን አልገባኝም። እዚያ የሚሄደው ፈረንጁና የአዲስ አበባው ሰው ነው። የደባርቅ ተማሪ ስንቱ ፓርኩን ረግጧል?

ባዶ ክፍል ኪሳራ ነው ያሉትን ግን እንደ ባለሙያ እቃወማለሁ። ፋሲል ግቢ ያለው የአንበሳ ቤት አንበሳ የለበትም። እንግዳው ግን እዚያ ስንደርስ ቆሞ ይጠይቃል፤ ምን ይበሉ ነበር፣ ማን ይጠብቃቸው ነበር ይላል። ተረፈ የተኛበትን ክፍል ባዶውን ይስጡኝና እኔ አስጎበኛለሁ፤ ጉርሻም አላጣበትም።