ሳይካስ ፓልም አይደለም፤ ሻጭም ገዢም ይህን ይወቅ

ዛሬ ስለ ጎመንና ስለ ዶሮ አይደለም የምንነጋገረው። በየችግኝ መሸጫው «ፓልም» እየተባለ ስለሚሸጠው ሳይካስ ነው። እኛ ሊደታ ውስጥ ግቢ ማስዋብ የሚፈልግ ሁሉ፣ ከግል ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ድረስ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ያምራል፣ ብዙ ውኃ አይፈልግም፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ይሄን አልክድም። ግን አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ፦ መርዛማ መሆኑን ሳይናገሩ መሸጥ ይቁም፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት የጋራ ግቢም አይተከል።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ቅጠሉ ዘንባባ ቢመስልም ዘንባባ አይደለም። ዘንባባ ያብባል፤ ሳይካስ አበባ የለውም፣ በዝምድና የሚቀርበው ለጥድና ለዝግባ ነው። ለጌጥ በብዛት የሚተከለው ዓይነት መነሻው ደቡብ ጃፓን ነው። ይሄ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሰው «ፓልም» ሲባል የሚታየው ቴምር ነው፣ የሆሳዕና ዘንባባ ነው። እናት ልጇ የሆሳዕና ዘንባባ በጥርሱ ቢነክስ አትደነግጥም። ሳይካስ ሲሆን ግን መደንገጥ አለባት።

ምክንያቱም ሥሩም፣ ግንዱም፣ ቅጠሉም መርዝ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ፍሬው ነው፤ ሴቴዋ ስታፈራ ፍሬዋ ብርቱካንማ ቀይ ስለሆነ ልጅ ይስባል። ሳይካሲን የሚባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል። ለውሻ አንድ ሁለት ፍሬ ለሞት ሊበቃ ይችላል። በዚያ ላይ የቅጠሉ ጫፍ እንደ መርፌ ነው፤ ወጣቱ ተክል ደግሞ ቁመቱ ልክ ከሕፃን ዓይን ትይዩ ነው።

«ጃፓኖች ይበሉት የለ እንዴ?» የሚል ሰው አለ። አዎ፣ በኦኪናዋ ደሴቶች ስታርች ያወጡበታል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ዘፍዝፈው፣ አብላልተውና አድርቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኑሮ ችግር ሲበረታ በደንብ ሳያዘጋጁ የበሉ ሰዎች ሞተዋል፤ ያ ዘመን እስከ ዛሬ «የሳይካስ ሲኦል» እየተባለ ይጠራል። ጓያ በችግር ዘመን የስንቱን ገበሬ እግር እንደያዘ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

«ጉሎም መርዝ ነው፣ የቅንጭብ ወተትም ዓይን ያጠፋል፤ ታዲያ ማን ነቀለው?» የሚለኝም አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉሎንና ቅንጭብን ግን ከነማስጠንቀቂያቸው ነው የወረስናቸው። «እንዳትነካ፣ ዓይንህን እንዳታሽ» እየተባልን ነው ያደግነው። ሳይካስ ሲመጣ ውበቱ ብቻ ነው የመጣው፤ ማስጠንቀቂያው እዚያው አገሩ ቀርቷል። እኔ የምጠይቀው ተክሉ ከነማስጠንቀቂያው እንዲሸጥ ነው፣ በቃ።

ችግኝ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «ከተናገርን ገዢ ይሸሻል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልጅ ያለው ገዢ ከሆነ እኮ መሸሽ ነበረበት! ለእሱ የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረት ወይም ጠጅ ሣር ሽጡለት፤ ግቢውም ያምራል፣ ቤቱም ይጠቀማል። ለሌላው ደግሞ ፌስታሉ ላይ «መርዛማ ነው፤ ከልጅና ከውሻ ይራቅ» ብሎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

የግል ግቢ ኖሯችሁ፣ ልጅም ውሻም ሳይኖር መትከል ለምትፈልጉ፣ ምክሬ ይሄ ነው። ሳይካስን ቶሎ የሚገድለው ድርቅ ሳይሆን ሥሩ ላይ የሚቆም ውኃ ነው። መረሬ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ብትተክሉት የክረምቱ ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ቀላቅሉ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ፣ በበጋ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ፣ አናቱ ላይ ውኃ አታፍስሱ። ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጭ ቅርፊት የመሰሉ ተባዮች ካሉበት ይቅርባችሁ። አረንጓዴ ቅጠሉን ለማሳመር ብላችሁ አትቁረጡ፤ የደረቀውን ብቻ በጓንት ቁረጡና ሰብስባችሁ አስወግዱ። ለከብት ወይም ለበግ እንዳትሰጡ!

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ የጋራ ግቢ የሁሉም ልጅ ሜዳ ነው። የተተከለ ካለ ወይ አጥሩት፣ ወይ በጓንት ነቅላችሁ ልጅ ወደማይደርስበት ቦታ አዛውሩት። ዝም ማለት ግን መፍትሔ አይደለም።

ልጅ ከቀመሰው ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። በግድ አታስመልሱት፤ «ወተት ያረክሰዋል» እያላችሁም ሰዓት አትግደሉ። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ፣ የተክሉን ቁራጭ ያዙና በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ስሙንም «ሳይካስ» ብላችሁ ንገሩ። «ፓልም ነው የበላው» ካላችሁ ሐኪሙንም ታሳስታላችሁ።