ጀናዛው ከመታጠቡ በፊት

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራን ሩዝ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚወስዱበት ጊዜ አለ። አስከሬን ሲገኝ ቤተሰብ የሚቸኩለው አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶበት ለመቅበር ነው። ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነውና አንነቅፈውም። ግን ሟቹ ወንዝ ውስጥ የተጣለው ከተገደለ በኋላ ቢሆንስ?

ጥርጣሬ ባለበት ሞት ጉስሉ ማስረጃንም ያጥባል፤ ደሙ፣ በጥፍር ሥር የቀረው የገዳይ ቆዳ አብሮ ይሄዳል። የፎረንሲክ ፎቶ አንሺ ሥራ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ አስከሬኑን እንደተገኘ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ቁስል መለኪያ አስጠግቶ ያነሳል። በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው ጎረቤት ይህን አይተካም፤ ትርፉ የሟችን ዓውራ መግለጥ ነው።

የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ መካ ላይ በ1987 እ.ኤ.አ. ለወንጀል ምርመራ አስከሬን መክፈትን ፈቅዷል። ገደብም አስቀምጧል፦ ከሚያስፈልገው በላይ አይነካም፤ የተከፈተው አካል በሙሉ ይቀበራል፤ ሴት ሐኪም እስካልታጣች ድረስ የሴትን አስከሬን ወንድ አይመረምርም።

የእኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ዋና የአስከሬን ምርመራ ማዕከል አዲስ አበባ ያለው ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከወረታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ጀናዛ ጭኖ መመላለስ ለየትኛው ገበሬ ይቻላል? እናም የአካባቢው መጅሊሶች ጥያቄ «አይከፈት» ሳይሆን «በቅርብ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ለሴት በሴት ይሁን» ሊሆን ይገባል እንላለን። ጤና ሳይንስ የሚማሩ እህቶቻችንም ይህን ሙያ ይመልከቱት።