የያዩ ከሰል፤ ከፋብሪካው በፊት ጥናቱ!

እኛ በካይሮ የምንማር ኢትዮጵያውያን የሔልዋንን ዕጣ ተመልክተናል። ከውጭ በሚገባ ከሰል ይሠራ የነበረው የኮክ ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲፈርስ ተወሰነ። ምድጃ ብቻውን ፋብሪካን አያቆምም።

የእኛስ? የኢሉባቦርን የድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝ ለውጦ ዩሪያ ያመርታል የተባለው የያዩ ፋብሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ሳያልቅ ቀረ።

የከሰሉ ንጣፍ ውፍረት፣ አመዱና እርጥበቱ በቁፋሮ ናሙና ሳይለካ ተስማሚ ምድጃ አይመረጥም። እዚያው ከመሬት በታች ይቃጠል ቢባል ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ የመበከል አደጋ አለ። በላዩም ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የጫካ ቡና ይገኛል።

ስለዚህ አዲስ ውል ከመፈረሙ በፊት የቁፋሮው ውጤት በኦሮምኛና በአማርኛ ታትሞ ለያዩ ገበሬ ይቅረብ እንላለን። ከሰሉ የሕዝብ ነው፤ ጥናቱም የሕዝብ ይሁን!