ምጣዷን ወደን እጇን ጠልተን

አሮጌውን 10 ብር ታስታውሱታላችሁ? ፊቱ ላይ አንዲት ሴት ቁጭ ብላ ስፌት ትሰፋ ነበር። መሶብና አገልግል የሚሠራ እጅ የሀገር ገንዘብ ላይ ለመውጣት በቃ፤ ደግ አደረገ። እዚያ መሶብ ውስጥ የሚቀመጠውን እንጀራ የምታበስለው ምጣድ ግን ሠሪዋ ብር ላይ አልወጣችም። ማንም ተንኮል አስቦ ነው አልልም። ሥዕሉን የመረጠው ሰው ምናልባት ትዝም አላለችው። ነገሩም እኮ እሱ ነው። ስፌት የጨዋ ልጅ ሙያ ነው፤ እናት «ስፌት ታውቃለች» ብላ ልጇን ትድርበታለች። እስቲ «ሸክላ ታውቃለች» ተብላ የተዳረች ልጅ አሳዩኝ።

እኔ ሸክላ እሠራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት መኪና ብትቆምባት የምትሞላ ክፍል አለችኝ፤ አንድ የኤሌክትሪክ እቶን፣ አንድ መንኮራኩር፣ ግሌዝ የተቀቡ ስኒዎችና ሳህኖች የሞሉበት መደርደሪያ። ቤተሰቦቼ የመንዝ ሰዎች ናቸው፣ ከመሐል ሜዳ። ሥራውን ስጀምር ዘመድ ተሰብስቦ «ደግሞ ሸክላ? ሰው ምን ይላል?» አለ። ስኒዎቼ ባዛር ላይ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ዋጋቸውም ሲሰማ፣ ያው ዘመድ «ልጃችን አርቲስት ናት» ማለት ጀመረ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው። መንዝ ውስጥ ሸክላ ለምትሠራ ሴት ግን «አርቲስት» የሚላት የለም፤ የሚሏትን ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ጭቃው አላቆሸሸኝም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም የሚቆሸሸው ጭቃ በነካ እጅ አልነበረም፤ በዘር ነው።

«ይሄ የድሮ ወሬ ነው፣ አሁን ማን ቡዳ ይላል?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ስልኩ ሲወድቅበት «ቡዳ በላኝ» ብሎ የሚጽፈው፣ ፎቶው ሥር ሰማያዊዋን ዓይን የሚለጥፈው ማን ነው ታዲያ? ቀልድ ነው፣ እሺ። ቀልዱ የተሠራው ግን ከሆነ ሰው ሕይወት ነው።

ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናውን የቡዳ እምነት በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የሰማው አፈ ታሪክ ይኼ ነው፦ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ «ልጆችሽን አሳይኝ» ሲላት ጠርጥራ 15ቱን ደበቀች። የታዩት የተመረጡት ሆኑ፤ ቡዳ የሚባለው ዘር የወጣው ከተደበቁት ነው ይባላል። ማን ተደበቀ ማን ታየ የሚለውን የሚተርከው፣ መቼም፣ የታየው ወገን ነው።

ከተረቱ ሥር ተረት ያልሆነ ነገር አለ፦ ርስት። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። መሬት ነፍገን በእጁ እንዲኖር አደረግነው፤ ከዚያ እጁን ፈራነው። «ጠይብ» ብለን የምንሰድብበት ቃል እንኳ «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ነው። ስድቡን በአዋጅ ለማስቀረት ተሞክሯል። ዘራቸው ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ የሚመዘዘው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አውጀዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ። ሁለት መንግሥት፣ ሁለት አዋጅ። ሽማግሌ ሲላክ ግን አሁንም የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘሯ ምንድን ነው?» ነው፤ ዲግሪዋ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መንዝ ገበያ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ገዢ ልጇን አዝላ ምጣድ ታማርጣለች። ምጣዱን ብድግ አድርጋ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ጥርት ካለ አልተሰነጠቀም ማለት ነው። ሦስተኛው ጥርት አለ። «ይሄስ ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አለች። ሸክላ ሠሪዋም ሕፃኑን አይታ «ኧረ ሲያምር፣ ያሳድግልሽ» ስትል፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነች። አልተሳደበችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። ምጣዷን ተቀብላ ሄደች። ሸክላ ሠሪዋ ወደኔ ዞር ብላ «ምን ልስጥሽ ልጄ?» አለችኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ለሷም ምንም አልተፈጠረም፣ ሁልጊዜ ነዋ።

ንግግራችን ራሱ በሷ ዕቃ የተሞላ ነው። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ እንላለን። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንላለን። ሊቅ ሆኖ ያልታወቀውን ሰው የጋን ውስጥ መብራት እንለዋለን። ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው፤ እኛ እሷ ቤት ገብተን ውኃ አንጠጣም።

አሁን ወደ ግሌዝ ልምጣ፤ በእጄ የማውቀው እሱን ነውና። ሰሞኑን ፋሽን የሆነች ቃል አለች፣ «ማዘመን»። ሸክላ ሠሪዎቹን ግሌዝ እናስተምራቸው፣ ምርታቸው ይዘምናል፣ ገቢያቸው ያድጋል ይባላል። ደግ ሰዎች ናቸው የሚሉት። የሚያወሩት ግን ስለማያውቁት ነገር ነው።

ግሌዝ መስታወት ነው። ሲሊካ፣ እሱን የሚያቀልጥ ነገር፣ ቀልጦ እንዳይፈስ የሚይዘው ትንሽ ሸክላ፤ ይህ ተበጥብጦ ዕቃው ላይ ይቀባና እቶን ውስጥ ይቀልጣል። የኔ ስኒዎች ሁለቴ ይቃጠላሉ፤ መጀመሪያ 1000 ዲግሪ ገደማ፣ ቀጥሎ ከ1200 በላይ። (መብራት መሐል ላይ ከሄደ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ።) ሜዳ ላይ በኩበትና በጭድ የሚቃጠል ሸክላ ግን በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ነው የሚደርሰው፤ እሱም ለአጭር ጊዜ። እዚያ እሳት ላይ የኔ ግሌዝ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቀልጥ የለም ወይ? አለ፤ ከጥንት የሚታወቀውና ርካሹ እርሳስ ያለበት ነው፣ የብረቱን እርሳስ ማለቴ ነው፣ መርዙን። ሜክሲኮ በዚህ ዓይነት ግሌዝ የሚሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ዛሬም ሰው ይመርዛሉ። ኮምጣጣ ነገር ደግሞ እርሳሱን ከግሌዙ እያሟሟ ያወጣዋል። እስቲ ጓዳችንን አስቡት፦ ሊጥ፣ ጠላ፣ እርጎ። ከእርሳስ ነፃ የሆነ አለ፤ እሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዱቄትና ሙቀቱን የሚጠብቅ እቶን ይፈልጋል።

ግን ዱቄቱም እቶኑም በነፃ ቢሰጥ እንኳ፣ ለምን? የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጢሱ የሚገባው ሸክላው ቀዳዳ ስላለው ነው። መስታወት ላይ ጢስ አይገባም። የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው ገላው ስለሚያልበው ነው፤ ግሌዝ ቀቡት፣ ላቡ ይቆማል፣ ውኃውም ይሞቃል። (እንስራን ጀሪካን ስላሸነፈው የሚያለቅስ ካለ፣ እኔ የለሁበትም። ዳገት ላይ ያን ሁሉ ክብደት ያዘለ ጀርባ ምርጫውን አድርጓል።) ጀበናና ድስት በቀጥታ ፍም ላይ የሚቀመጡት፣ ሸካራውና ቀዳዳ ያለው ገላቸው የእሳቱን ድንገተኛ ሙቀት ስለሚችል ነው። ሸክላ ሠሪዋ አሮጌ ገል ወቅጣ ጭቃው ውስጥ የምትጨምረው ለዚህ ነው፣ ዕቃው ሲደርቅም ሲቃጠልም እንዳይሰነጠቅ። የኔን ቆንጆ ስኒ ፍም ላይ ብታስቀምጡት ጧ ይላል።

ምጣዱስ? ምጣድ እኮ ግሌዝ አለው። አዲስ ምጣድ ስናሟሽ የተወቀጠ ጎመን ዘር እያሸን እናጋየዋለን፤ ዘይቱ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቃጠልና ጥቁር፣ ልስልስ ሽፋን ይሆናል። እንጀራው ሳይያዝ ሙልጭ ብሎ የሚነሳው በዚህ ነው። ሠሪዋ ሥራውን ጀምራ ለጋጋሪዋ ትተውላታለች፣ ጋጋሪዋ በየማሰሻው ትጨርሰዋለች። እኔ ፋብሪካ ከሸጠልኝ ባልዲ ቀድቼ ከምቀባው የቱ ነው ረቂቅ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድም ያው ሸክላ ነው፤ ከሥሩ ቦይ ተፈልፍሎለት ሽቦ ተዘረጋበት እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙውን ምጣድና ጀበና የሚሠሩት የቀጨኔ ሴቶች ናቸው፤ የብዙዎቹ ግንድ ሰሜን ሸዋ ነው። «ዘመናዊ» ኑሯችን እነሱ ምጣድ ላይ ነው የተጣደው።

ናይጄሪያ ላዲ ኩዋሊ የምትባል ሴት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የውኃ ማሰሮ በእጇ እየገነባች አደገች። እንግሊዛዊው ማይክል ካርዲው አቡጃ ላይ ባቋቋመው ማሠልጠኛ በ1954 እ.ኤ.አ. ገባች፤ ማሰሮዎቿ ግሌዝ ተቀብተው በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠሉ፣ ለንደን ድረስ ሄደው ታዩ። ውኃ ማቀዝቀዛቸውን ተዉና የሚታዩ ዕቃዎች ሆኑ። እሰየው፣ የሷ ምርጫ ነው፣ ሥራዎቿም ያምራሉ። ልብ በሉ ግን፦ ዛሬ የናይጄሪያ 20 ናይራ ጀርባ ላይ ያለችው ላዲ ኩዋሊ ናት። ሀገሯ ለሸክላ ሠሪ ፊት ቦታ አላጣችም።

የኛ ሸክላ ሠሪ ልጅ ደግሞ ሥራውን ትታ እየሄደች ነው። «ጥበቡ ሊጠፋ ነው!» ብለው ከሚጮኹት ጋር አልጮኽም። ነርስ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ልሁን ካለች መንገዱን ጨርቅ ያድርግላት፤ ለእኛ ጀበና ስትል ወገቧን ሰብራ አፈር እንድትቆፍር ዕዳ የለባትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ጭቃውን እየወደደች፣ እጇም እያወቀበት፣ ትምህርት ቤት በሰማችው ስም ምክንያት የምትተወዋ ናት። እኔ ያንን ጭቃ አንስቼ አርቲስት የተባልኩት እሷ በተወችው ቦታ ነው። ይህን «ሪቫይቫል» እያላችሁ አታሞግሱልኝ።

ዘንድሮ አንድ ፕሮጀክት ደወለልኝ፤ ወደ መንዝ ሄጄ ለአምስት ቀን ግሌዝ እንዳሠለጥን። አበልም ሰርተፊኬትም አለው አሉኝ። አልሄድም አልኳቸው፤ ምን እንደሚያስፈልግ ከፈለጋችሁ ግን ልንገራችሁ አልኩ። መንዝ ብርድ ነው፣ ውርጭ አለው። ያልደረቀ ሸክላ ውርጭ ካገኘው ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል፤ ክረምት ከገባ ደግሞ ሜዳ ላይ ማቃጠል የለም። ስለዚህ ማድረቂያ ጣሪያ ሥሩላቸው፣ ዝናብ የማይገባው፣ ከጎኑ እሳት የሚነድበት። ምጣዱ በጭድ ተጠቅልሎ ሳይሰበር ከተማ የሚደርስበትን መኪና ፈልጉ። ስንት እንደሚሸጥም ራሳቸው ይናገሩ። ሥልጠና ካላችሁም ገዢውን አሠልጥኑ፣ የወረዳውን ትምህርት ቤት መምህራን አሠልጥኑ፤ ስሙ የሚሰማው እዚያ ነውና።

ደዋይዋ ጥሩ ልጅ ናት፣ ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ «ቆርቆሮውን እንኳ እናያለን» አለችኝ፤ «የመጨረሻውን ግን በምን በጀት ላስገባው?»