የሞተር ብስክሌት የራስ ቁር የሚለወጥበት ጊዜና የሻጩ ድርሻ

ዕቃና ምግብ በሞተር ብስክሌት ማድረስ በየከተማው እየተስፋፋ በሄደ መጠን፥ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው የራስ ቁር ከመለዋወጫ ዕቃዎች ጋር ተሰቅሎ የሚሸጥ ተራ ሸቀጥ ሆኗል። ሸቀጥ መሆኑን አንነቅፍም፤ የሚፈለገውን ዕቃ ማቅረብ የነጋዴ ተግባር ነውና። የምንነቅፈው እንደ ድስትና እንደ ባልዲ እስኪሰበር ድረስ የሚያገለግል ዕቃ ተደርጎ መሸጡን ነው።

የራስ ቁር የውጭ ቅርፊት ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ግላስ የሚሠራ ሲሆን፥ የምቱን ኀይል በሰፊው ይበትናል። ሕይወትን በይበልጥ የሚያድነው ግን ከጨርቁ ሥር ያለው፥ ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ አረፋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው፥ ፖሊስታይሪን የተባለው ንብርብር ነው። ይህ አረፋ ምቱን የሚቀበለው ራሱ እየተጨፈለቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀም ወደ ቀድሞው ውፍረቱ አይመለስም። ስለዚህ በብርቱ የተመታ ቁር ከውጭ እምብዛም ጉዳት ሳይታይበት ውስጡ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቦታ ሁለተኛ ቢመታ፥ ኀይሉ የሚያርፈው በራስ ቅል ላይ ነው።

የዐረቡ ሎሬንስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1935 እ.ኤ.አ. በሞተር ብስክሌት አደጋ ሲሞት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ፥ በ1941 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራዊቱ ሞተረኞች ባወጣው ጥናት የቁርን ጥቅም አሳይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፥ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ገልጿል። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ ጥቅም ነው። አረፋው የተጨፈለቀ ቁር የሸጠለት ነጋዴ ግን የሸጠለት ባርኔጣ ነው።

በ1956 እ.ኤ.አ. በመኪና እሽቅድምድም ለሞተው ለፒት ስኔል መታሰቢያ በ1957 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የስኔል ድርጅት፥ በአገልግሎት ላይ ያለ ቁር በየ5 ዓመቱ እንዲለወጥ ይመክራል። በእኛ አስተያየት ይህ ቁጥር የመጨረሻ ገደብ እንጂ የዋስትና ዘመን ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። እሑድ እሑድ ብቻ የሚወጣ ሰው ቁርና ከጧት እስከ ማታ በፀሐይ፥ በላብና በዝናብ የሚውል የዕቃ አድራሽ ቁር እኩል አያረጁም። የፀጉር ቅባትና ላብ ቀስ በቀስ ይጎዱታል፤ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ደግሞ አረፋውን ያሟሙታል። ቁሩን በቤንዚን የሚወለውል ሞተረኛ ቢታይ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እንደሚበቃው ሊነገረው ይገባል። 5 ዓመት ሳይሞላም ማሰሪያው ከተተለተለ፥ መቆለፊያው መያዝ ካቃተው፥ ወይም ተቆልፎ ሳለ ራስን ሲነቀንቁ ቁሩ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ጊዜው አልፏል።

አስመጪው ትእዛዝ ሲሰጥ የተሠራበት ወርና ዓመት በግልጽ የተጻፈበትን ዕቃ ይምረጥ፤ ዋጋው ከልክ በላይ የወረደ ሲቀርብለትም ዕድሜውን ይጠይቅ። የተባበሩት መንግሥታት የኤውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 22 ምልክት፥ ማለት በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር፥ በማሰሪያው ላይ ተሰፍቶ ይገኛል። ምልክት ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል የፈተናውን ምስክር ወረቀት ከላኪው መጠየቅ ነውር የለበትም።

ባለሱቁ ደግሞ ለማስታወቂያ ብሎ በደጃፍ ፀሐይ ላይ ለወራት የሰቀለውን ቁር እንደ አዲስ ባይሸጠው መልካም ነው። ከመደርደሪያ የወደቀ ሁሉ ይጣል ግን አንልም፤ ባዶ ቁር ሲወድቅ አረፋውን ከውስጥ የሚጨፈልቀው የራስ ክብደት የለም፤ ስንጥቅ እንዳለበት አይቶ መለየት ይበቃል። ራስ ውስጡ ሳለ የተመታ ግን ያለ ክርክር ይለወጣል።

«ደንበኛው ድኻ ነው፤ ለውጥ ብንለው ከየት ያመጣል?» የሚሉ ባለሱቆች አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ቁር የገዛው ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ በዕለት ገቢ የሚኖር ነው። ነገር ግን መልሱ የተመታውን እንዲያደርግ ዝም ማለት ሳይሆን፥ ጌጥና ሥዕል የሌለበትን፥ ፈተናውን ያለፈ ርካሽ ቁር አስመጥቶ በአነስተኛ ትርፍ መሸጥ ነው። የተመታ ቁር ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ከአዲሱ ዋጋ ጥቂት መቀነስም ገበያውን ያሰፋዋል እንጂ አይጎዳውም። የተመለሰው ቁር ግን በደንበኛው ፊት ማሰሪያው በመቀስ ተቆርጦ መጣል አለበት፤ ያለዚያ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ከምናለሽ ተራ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።