መንገደኛ ሐቅ አለው፦ ከላስታ እስከ ብራስልስ



ላሊበላ ያደግን ልጆች ፈረንጅን የምናውቀው በእንግድነቱ ነው። ካሜራውን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጎብኝቶ፣ ቡናችንን ጠጥቶ ይመለሳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "ቤት ለእንግዳ" ብሎ ነው የሚቀበለው። ተራው የእኛ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የአውሮፓ ጉዞ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከወረቀት ነው። ፈረንጁ የእኛን ቪዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ይጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ገደብ ጥሏል። የ15 ቀኑ ውሳኔ ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ምክንያቱ "መንግሥታችሁ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ በቂ ትብብር አላደረገም" የሚል ነው። ሰበቡ የሌላ፣ መንገላታቱ የእናት፣ የነጋዴና የተማሪ! ከዚያው ዓመት ሰኔ ጀምሮ ደግሞ ክፍያው 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቢከለክሉህም አይመለስም።

ከገባህ በኋላ አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ ቀላል ነው። በባቡር ከአገር አገር ትሻገራለህ። ፈተናው ትንንሽ ነገር ላይ ነው። ከላስታ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ እዚያ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ የለመደ እግር ይስታል። በብራስልስ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ኢሻእ እኩለ ሌሊትን ይነካል። መጸዳጃው ገንዘብ ያስከፍላል፣ ውኃ ግን የለውም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሻንጣህ አይለይም። ሐላል ሥጋ ከቱርኩና ከሞሮኮው ሱቅ ይገኛል። ኒቃብ የምትለብስ እህት ደግሞ ፈረንሳይና ቤልጂየም ከ2011 ጀምሮ በአደባባይ ፊት መሸፈንን በሕግ እንደከለከሉ ሳታውቅ እንዳትነሳ።

ወላሂ፣ ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ይህ አይደለም። የገባሁባቸው መስጂዶች ጉልላትም ሚናራም የሌላቸው፣ ከውጭ ሲታዩ መጋዘን የሚመስሉ ነበሩ። ሆኖም ንጹሕ የውዱእ ቦታ ነበራቸው፣ የሴቶች መስገጃም ነበራቸው። ጥቂት ስደተኞች ከደመወዛቸው ቀንሰው ለማያውቁት መንገደኛ ቦታ አዘጋጅተዋል።

ወደ አገሬ ተመልሼ ከወልዲያ በጋሸና ወደ ላሊበላ ስወጣ ዙህር ደረሰ። ወንዶቹ ወርደን ሰገድን። እህቶቻችን የሚሰግዱበት ጥግ፣ ውዱእ የሚያደርጉበት መከለያ አጥተው መኪና ውስጥ ቀሩ። አፈርኩ። በክርስቲያኖች ወይም በመንግሥት የምናሳብበው ነገር አይደለም፤ የራሳችን ጉድለት ነው።

መንገደኛ (ኢብኑ ሰቢል) ዘካ ከሚገባቸው 8 ወገኖች አንዱ ነው። አላህ ለእሱ አራት ረከዓውን ወደ ሁለት አሳጥሮለታል፣ ጾሙንም እንዲያዘገይ ፈቅዶለታል። የነቢያችን ﷺ ሶሓቦች መንገደኛ ሆነው ሲመጡ ደግሞ የተቀበላቸው የዚህችው አገር ንጉሥ፣ ነጃሺ ነው። ያንን ታሪክ በየመድረኩ እንኮራበታለን፤ ኩራት ግን ለመንገደኛ ውኃ አይቀዳም።

አውሮፓ በሩን ሲያጠብብን ማማረራችን ሐቅ ነው። የራሳችንን በር ማስፋት ግን የማንንም ቪዛ አይጠይቅም። በመንገድ ዳር ያላችሁ የመስጂድ ኮሚቴዎች፦ አንድ በርሜል ውኃ፣ አንድ መጋረጃ፣ ለሴቶች አንድ ምንጣፍ። ውጭ ያላችሁ የላስታና የወሎ ልጆች፦ መንገደኝነትን ቀምሳችኋልና ሰደቀቱል ጃሪያችሁን እዚህ ላይ አድርጉት።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስ። አሚን!