ነውር ያለበትን አውቶሞቢል ስለ መመለስ

ያገለገለ አውቶሞቢል ገዝቶ በሳምንቱ ሰማያዊ ጢስ ሲያወጣ ያየ ሰው፤ «ልመልሰው ወይስ አሠርቼ ልሽጠው» እያለ ያመነታል። ሰማያዊ ጢስ የሞተሩ ዘይት መቃጠሉን የሚያስረዳ ነው፤ ሻጩም ወፍራም ዘይት ጨምሮ ለጥቂት ቀን ሊሸሽገው ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን እንዲመረምር፤ ነውር ቢያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። «እንዳለ ገዝቻለሁ» የሚል ውል ቢኖርም እንኳ፤ ነውሩን አውቆ የሸሸገ ሻጭ በዚህ ቃል አይድንም። የተሰበረ መስተዋት አይቶ የገዛ ግን በኋላ ማመካኘት አይገባውም።

አሠርቶ ለማያውቅ ሰው በዝምታ መሸጥ (በየጋራዡ ይህን የሚመክር አይታጣም) ተበዳዩን በዳይ ማድረግ ነው። ወር ሙሉ ሲነዳ ቆይቶ የሚመጣውንም ሻጩ «አንተ አበላሸኸው» ቢለው ዳኛው ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ መንዳቱን ትቶ፤ መካኒኩ ያየውን በጽሑፍ አስፍሮ፤ በዚሁ ሳምንት ወደ ሻጩ ይሂድ።